የሃያ አንድ ክረምት ዝናብ እና የኔ ጣት

ሰዒድ እባላለሁ። ላሊበላ ውስጥ የሚያውቁኝ ግን «ሰዒድ ፎርማት» ይሉኝ ነበር። ስሙን ያወጡልኝ ጓደኞቼ ናቸው። እኔ ሞኙ ማድነቃቸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የጥገና ቤቴ በር ላይም ላስጽፈው አስቤ አውቃለሁ። ላልገባው ሰው፣ ፎርማት ማለት ኮምፒውተሩን ከነጓዙ ጠርጎ ባዶ ማድረግና እንደ አዲስ መጫን ነው። ማሽን ቢንቀራፈፍ ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባው ፎርማት፣ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ቢረሳ ፎርማት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማሽኑ አምሮበት ይነሣል፤ ውስጡ የነበረው ግን የለም። «ፋይልህ ጠፍቷል፣ ማሽንህ ግን ተርፏል» እላለሁ ዐይኔን በጨው አጥቤ። ሰዉም «እግዜር ይስጥልን» ብሎኝ ይሄዳል።

የተወለድኩት ከወልድያ በታች፣ መንገድ ዳር ካለች ሞቃት ከተማ፣ ከጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። ኮምፒውተር በዲፕሎማ ተምሬ ላሊበላ የወጣሁት ለእንግዳ ማረፊያዎች ኢንተርኔት ልዘረጋ ነበር። እንግዳው ሲቀዘቅዝ ሥራውም ቀዘቀዘና ከአንድ ጫማ ሰፊ ጎን ጠባብ ጥገና ቤት ከፈትኩ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የማላውቀው ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ውስጥ ነው። አንድ ሰኞ ስልኬ ጠራ።

«ሰዒድ ማለት አንተ ነህ?» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«መምህር ፈንታው እባላለሁ፤ ከብልባላ ወዲያ ነኝ። ኮምፒውተሬ አልነሣ አለችኝ። ለሐሙስ ካልተነሣች አለቀልን።»

ሐሙስ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም። ሰው ሁሉ ችኩል ነው፣ ሁሉም «ለነገ» ይላል። ማክሰኞ ጠዋት ዕቃዬን በጀርባ ቦርሳ ከትቼ በሚኒባስ ብልባላ ደረስኩ። መምህር መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው የታጠበ፣ የደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰኩ ሰው ናቸው። ቦርሳዬን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ እምቢ አልኩ። ከግማሽ ሰዓት ቁልቁለት በኋላ ግን ሰጠኋቸው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው ሰው ቦርሳዬን አንግተው ከፊቴ እንደ ፍየል ይወርዳሉ፤ እኔ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንገዳገድኩ እከተላለሁ።

እየሄድን ነው ነገሩን ያጫወቱኝ። መምህር ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛና ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ድሮ ለትምህርት ቤታቸው የመጣች አንዲት የዝናብ መለኪያ ነበረች፤ የሚፈልጋት ሰው ጠፍቶ መጋዘን ስትጣል ጠይቀው ወሰዷትና ደጃቸው ላይ እንጨት ተክለው ሰቀሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ስንት እንደዘነበ ያያሉ፣ ይጽፋሉ።

«ሃያ አንድ ክረምት ሆነኝ» አሉኝ።

«ለምን ብለው ነው?»

«መጀመሪያ ለተማሪዎቼ ነበር። በኋላ ልማድ ሆነብኝ። አሁን ግን ጊዜው ደርሶ ለአገር ሊጠቅም ነው።»

ቆም ብለው ከታች ያለውን ሸለቆ አሳዩኝ። ቤቶቹ ገደሉ ሥር ተጠጋግተዋል፤ ማሳው ተደርድሮ ወደ ታች ይወርዳል። ምንጩ ጥር ላይ ይነጥፋል አሉኝ። ከጥር እስከ ሰኔ ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ነው። የክረምቱ ጎርፍ ግን በየዓመቱ በደጃቸው ያልፋል። ያንን ጎርፍ የሚያቁር ትንሽ ግድብ ይሠራልን ብለው ሲለምኑ ኖረው፣ በመጨረሻ መሐንዲሶች መጥተው ቦታውን ዐይተዋል።

«ቦታውን ወደዱት» አሉ መምህር። «ችግሩ የዝናብ መረጃ ነው። መረጃ ያለው ጣቢያ ሩቅ ነው፤ በሱ ሲያሰሉት እዚህ ግድብ አያዋጣም ይላል። የኛ ሸለቆ ግን ደመና ይይዛል ልጄ! ላሊበላ ሳይዘንብ እዚህ ይዘንባል። እኔ አለኝ አልኳቸው፤ የሃያ አንድ ዓመት። መሐንዲሷ ደንግጣ አየችኝ። ሐሙስ መጥታ ልትገለብጠው ነው። እኔ ጋ ካላገኘች የያዘችው ገንዘብ ለሌላ ወረዳ ይሄዳል።»

«ደብተሩስ? በወረቀት የለም?»

ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ደስታ የለበትም። «ዓምና ጣሪያው አፈሰሰ። ሣጥኑ ውስጥ ነበሩ። የዝናቡን ደብተር ዝናቡ በላው። ደግነቱ ሁሉንም ኮምፒውተሯ ላይ ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ በዚች ጣት።» የቀኝ ሌባ ጣታቸውን አሳዩኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የሐሙስ ነገር ምን እንደሆነ አሁን ገባህ። እኔም ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝም አልፈራሁም፤ ያን ያህል ደፋር ነበርኩ።

ቤት ስንደርስ የመምህር ባለቤት እማማ ስንዱ ወጥተው ሦስቴ ሳሙኝ። «ሰዒድ ነው ስምህ? እሰይ። ሥጋችንን እንደማትበላ አውቃለሁ፣ አትስጋ፤ ዶሮዎቼ እንቁላል ሞልተዋል» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። ወሎ እንዲህ ነው፤ ስምህን ሲሰሙ ምሳህን ያውቁታል።

ኮምፒውተሯ መስኮቱ ሥር፣ በነጠላ ተሸፍና ተቀምጣለች። የጫማ ካርቶን የምታክል ትንሽ ማሽን ናት፤ ጣሪያው ላይ ካለው ሶላር ነው የምትሠራው። አበራኋት። ጥቁር ስክሪን መጣ፣ ከዚያ ነጫጭ ፊደል ከላይ እስከ ታች ተዥጎደጎደ፣ ከዚያ ቆመ። መጨረሻው ላይ አንዲት ትንሽ መስመር ብልጭ ድርግም እያለች ትእዛዝ ትጠብቃለች። ሁላችንም የምናውቀው ዊንዶውስ አይደለም፤ ሌላ ማስነሻ ነው።

«ይቺ ሊኑክስ ናት» አልኩ።

«አዎ፣ የውጭ አገር ተማሪ ነው የሰጠኝ። ድንጋይ ሊያጠና መጥቶ እዚህ ከርሞ ነበር። ቫይረስ አይነካትም ብሎ እሱን ጫነልኝ።»

እውነቱን ልናገር? ሊኑክስ የማውቀው አንድ ኮርስ ላይ ነው፤ እሱንም ፈተናውን ኮርጄ ነው ያለፍኩት። መምህር ፊት ግን ይህን እንዴት ልበል። ቅንድቤን ቋጥሬ «ምን ነክተዋታል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ምን እነካታለሁ? ባትሪ ነው የቀየርኩላት። ያቺን የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ትንሿን። ባትሪዬ አልቋል ብላ ጻፈች፤ ገበያ ከሚወርድ ሰው አስገዛሁ፣ ራሴ ፈትቼ ገጠምኩላት። ከዚያ ቀንና ሰዓት ጠየቀችኝ፣ ሞላሁላት። ከዚያ ወዲያ ነው እምቢ ያለችው።»

ባትሪዋን ፈትቼ አየሁ፤ ደህና ናት፣ በትክክል ገብታለች። ቀን መሙላቱን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩት። ቀን መሙላት ማን ያቅተዋል?

ደጋግሜ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። ያው ጥቁር ስክሪን፣ ያው ነጭ ጽሑፍ። ከጽሑፉ መካከል «ስሕተት» የሚል ቃል አየሁና ሌላውን አላነበብኩትም። ስልክ ደውዬ ጓደኛ እንዳልጠይቅ ገደሉ ሥር ኔትወርክ የለም፤ መምህርም የደወሉልኝ አቀበቱን ወጥተው ነው። በመጨረሻ ዲስኩን ፈትቼ አወጣሁና በገመድ ከራሴ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት። ፋይሉን ገልብጬ ላወጣ ነበር ሐሳቤ። ላፕቶፔ ትንሽ አሰበና አንድ መስኮት ከፈተ፦ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ አለብህ። ፎርማት ይደረግ?»

ዛሬ አውቀዋለሁ። ዊንዶውስ የሊኑክስን ዲስክ ማንበብ አይችልም፤ የማያነበውን ሁሉ ባዶ ነው ብሎ ያስባል። ዲስኩ ላይ ምንም ችግር አልነበረም። ያን ጊዜ ግን እኔና ዊንዶውስ አንድ ዓይነት ሰዎች ነበርን። ያላወቅነው ሁሉ የተበላሸ ነው የሚመስለን። ሞቷል አልኩ በልቤ፤ ይህ ዲስክ ሞቷል። ከዚያ ልማዴ መጣ። ሌላ ሰው ሲያዛጋ እንደሚያዛጋ ሰው፣ «ፎርማት ይደረግ?» ሲለኝ ጣቴ ራሱ ተነሣ። ቀስቱን «ይደረግ» የሚለው ላይ አሳረፍኩት። መምህር ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ወደ ማድቤት ሲሄዱ ኮቴያቸው ተሰማኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ አርፏል፤ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ።

«ልጄ! አንሣ፣ አንሣልኝ ይቺን ዕቃህን፤ ትኩስ ነው!»

እማማ ስንዱ በሳህን እንቁላል ጥብስና እንጀራ ይዘው ከራሴ በላይ ቆመዋል። ቤቱ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ያ ብቻ ነው። ላፕቶፑን ዘጋሁ፣ ዲስኩን ነቅዬ ወደ ጎን አደረግኩ። እየበላሁ፣ አፌ ሙሉ ሆኖ፣ «መምህር፣ ዲስኩ ሞቷል» አልኳቸው።

ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቀረ። «ሁሉም?»

«ሁሉም።»

እማማ ስንዱ አማተቡ። መምህር ጉርሻውን ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም፤ «እንግዲህ ለሰዎቹ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?» ብቻ አሉ። ሰዎቹ የሚሉት ጎረቤቶቻቸውን ነው። ተነሥተው ወጡና ደጁ ላይ ተቀመጡ። እንጀራዬን ወደ ጎን ገፋሁት። ፋይል ጠፋ ብዬ ለሰው ስናገር የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ የተነገረውን ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ሁልጊዜ ሰዉ ማሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ፊቱን አላይም። መሽቶ ስለነበር እዚያው አደርኩ።

ጠዋት ስነቃ መምህር አልጋቸው ላይ የሉም። በበሩ አየኋቸው። ከእንጨቱ ላይ መለኪያዋን አውርደው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ያያሉ። ጎንበስ ብለው አዲስ ደብተር ከፈቱ፤ ያች ባለ ሃምሳ ቅጠሏ የተማሪ ደብተር። ከደረታቸው እስክሪብቶ መዝዘው የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀኑ ተጽፏል፤ ከጎኑ «0»።

«አልዘነበም እኮ» አልኩ።

«አልዘነበም። ለዚህ ነው ዜሮ ያልኩት።»

«ላልዘነበ ቀን ደግሞ ይጻፋል እንዴ?»

«እንዴታ! ያልጻፍከው ቀን አልዘነበም ማለት ነው ወይስ አልለካህም ማለት ነው? የሚያነብህ ሰው በምን ያውቃል?»

«መምህር፣ ግን የሃያ አንዱ ዓመት ጠፍቶ... ይሄ አንድ ቀን ምን ያደርጋል?» አልኳቸው። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነት ገርሞኝ ነው።

ደብተሩን ዘጉ። «ትናንት ስለጠፋ ዛሬ አይዘንብም?»

ተከትያቸው ወደ ቤት ገባሁ። 

ቁርስ ላይ ሕሊናዬ እረፍት ነሳኝና «መምህር፣ ቢያንስ ማሽኗን ባዶዋን አስነሥቼልዎት ልሂድ። ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ እጭንልዎታለሁ፤ ዋጋም አልቀበልም» አልኩ።

«ፎርማት ስታደርግ ማሽኗ አሁን የምትጽፈው ጽሑፍ ይጠፋል?»

«አዎ፣ ሁሉም ይጠፋል።»

«እንግዲያው መልሰህ ግጠማትና ቀድሜ ልገልብጠው። ያነበብከውን ሳትጽፍ አትድፋ፤ የኔ ሕግ ናት። ውሃውን የምደፋው ቁጥሩን ከጻፍኩ በኋላ ነው።»

በልቤ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አጉረመረምኩ። ግን ትናንት የሰበርኳቸው ሰው ናቸው፤ ምን ልበላቸው። ዲስኩን መልሼ ገጠምኩ፣ አበራሁ። ጥቁሩ ስክሪን መጣ። መምህር መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወንበራቸውን ሳቡ፣ ደብተሩን ከፍተው ከላይ ጀምረው መገልበጥ ያዙ። አንድ ቃል፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ነጥብ አይዘሉም። እንደ ተማሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በእንግሊዝኛ እያነበቡ፣ በአማርኛ እየተረጎሙ ይጽፋሉ። እኔ ቦርሳዬን አስተካክላለሁ።

«ዲስኩ... መጨረሻ የተከፈተበት ጊዜ... ገና ወደፊት ነው» አሉና ቆሙ። «ሰዒድ፣ ይሄ ዓረፍተ ነገር እኮ ትርጉም አለው።»

«የማሽን ቋንቋ ነው መምህር፣ ዝም ብሎ ነው።»

«ዝም ብሎ የሚጻፍ ነገር የለም። እየው፣ ሁለት ቀን ጽፋለች። መጨረሻ የተከፈተችው ሜይ ዐሥራ ስምንት፣ ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት። በኛ ግንቦት ዐሥር ነው። ልክ ናት፤ ባትሪዋ ከማለቁ በፊት ያለው ማታ ጽፌባታለሁ።» ጣታቸውን ወደ ታችኛው መስመር አወረዱ። «አሁን ያለው ጊዜ ደግሞ... ሴፕቴምበር ዐሥራ ስድስት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት። ሰዓቱ ሦስት ከሃያ ሁለት።»

 ከዚያ ቀስ ብለው የግራ እጃቸውን እጅጌ ሰብሰብ አድርገው ሰዓታቸውን አዩ።

«ሰዒድ። አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ስልኬን አየሁ። «ሦስት ሰዓት ከሃያ ሦስት።»

«ዛሬስ ስንት ቀን ነው?»

«ግንቦት ዐሥራ ስድስት።»

«ግንቦት ስንተኛ ወር ነው?»

በጣቴ ቆጠርኩ፣ አልዋሽም። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር... «ዘጠነኛ።»

«ሴፕቴምበርስ?»

 ሴፕቴምበር ለፈረንጆች ዘጠነኛ ወር ነው። ዘጠነኛው ወር፣ ዐሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ማሽኗ የያዘችው የኛን ቀን ነበር። የኛን ዓመት፣ የኛን ወር፣ የኛን ሰዓት።

«መምህር» አልኩ፣ «ባትሪዋን ቀይረው ቀን ስትጠይቅዎ... በኛ አቆጣጠር ነው የሞሉላት?»

«በማን ልሞላላት ኖሯል?» አሉ፤ ደንግጠዋል። «እስከዛሬ በፈረንጅ ቀን ስታደናግረኝ ነው የኖረችው፤ ዝናቡን ሁሉ ቀኑን እየለወጥኩ ነበር የምጽፈው። አሁን ራሷ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት።»

አያችሁት? ማሽኗ አልታመመችም፣ ዲስኩም አልሞተም። ባለፈው ሳምንት በሁለት ሺህ ሃያ ሦስት የተኛች ማሽን ስትነቃ ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ነው አሏት። ሥራዋን ገና ካልመጣ ዘመን የመጣ ሆኖ አገኘችው። በዚህ ተደናግራ «አንድ ሰው መጥቶ ካላየኝ አልከፍትም፤ ጽሑፉን እንዳላበላሽ» ብላ በሯን ዘጋች። እሷ ፋይሉን እየጠበቀችው ነበር። ላጠፋው የነበርኩት እኔ ነኝ።

አጠፋኋት። መልሼ ሳበራት ኤፍ ሁለት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኜ ቀን የሚሞላበት ማስተካከያ ውስጥ ገባሁ። መምህር አጠገቤ ቆመው ቀኑን አሰሉልኝ፤ ሜይ ሃያ አራት፣ ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት፣ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ ዘጠኝ ተኩል። መዘገብኩና ለቀቅኳት። ጥቁሩ ስክሪን መጣ። ነጭ ጽሑፍ አለፈ፣ አለፈ። ቆመ። «ያ አላህ» አልኩ፤ እማማ ስንዱ በሩ ላይ «አንተ መድኃኔ ዓለም» ሲሉ ሰማኋቸው። ጽሑፉ እንደገና ሄደ። ከዚያ ስክሪኑ በራ፤ የሸለቆው ፎቶ ወጣ፣ በላዩም «ዝናብ» የሚል አንድ ፋይል።

መምህር በአንድ ጣታቸው ከፈቱት። ቁጥር፣ በቁጥር ላይ ቁጥር። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አራት፣ ዜሮ፣ ዐሥራ ሰባት... ወደ ታች ሲያወርዱት አያልቅም። እማማ ስንዱ እልልታውን ለቀቁት፤ ጎረቤት ሰው የተወለደ መስሎት ብቅ ብሎ ነበር። መምህር ግን መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ፤ እንደገና አውልቀው ጠረጉ። እኔ አለቀስኩ። የምደብቀው ነገር አይደለም።

ያን ዕለት ፋይሉን ላፕቶፔ ላይ፣ ስልኬ ላይ፣ ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ እማማ ስንዱን ጓሮ አገኘኋቸውና «እማማ፣ ትናንት ያ እንቁላልዎ ባይደርስ ኖሮ ጉድ ሠርቼ ነበር» አልኳቸው።

«የኔ መች ሆነና ልጄ» አሉኝ። «ገና አልበሰለም ነበር። መምህር ናቸው ማድቤት መጥተው ‹ስንዱ፣ እንደሆነ ሆኖ አሁኑኑ አቅርቢለት› ያሉኝ። ለምን ብላቸው ‹ልጁ ሊቸኩል ነው› አሉኝ።»

ለካ መምህር ያኔ ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን እያነበቡ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው «ፎርማት ይደረግ?» የሚለውን ማንበብ አያቅተውም። እጄን ይዘው «ተው!» ሊሉኝ ይችሉ ነበር፤ ሊጮኹብኝም መብታቸው ነው። በቤታቸው፣ በሃያ አንድ ዓመት ድካማቸው ላይ። እሳቸው ግን እንግዳን በባለቤታቸው ፊት ከማሳፈር ያልበሰለ እንቁላል መረጡ። ስመለስ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። እሳቸው ስለ ሰማይ ያወራሉ፤ ደመናው ከየት እንደሚነሣ ያሳዩኛል።

እኔም አልሄድኩም፤ ሐሙስ መሐንዲሷ መጣች። ፋይሉን ከፍታ ብዙ ደቂቃ ወደ ታች እያወረደች አየችው። ከዚያ «ዜሮዎቹንም ጽፈዋቸዋል?» አለች። መምህር አዎ አሏት። «ዝናቡን የሚጽፍ ሰው አላጣም» አለች፤ «ድርቁ ስንት ቀን እንደሚዘልቅ ሳላውቅ ግን ግድቡን በምን ልክ ልሥራው? እኔ የምፈልገው እነዚህን ነበር።» መምህር ወደኔ ዞር ብለው ዐይናቸውን ጠቀስ አደረጉልኝ።

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጠገን ላስተምራችሁ አይደለም። እኔ ራሴ ከዚያ በኋላ ነው መማር የጀመርኩት፤ ሊኑክስንም፣ ማንበብንም። ዛሬ ማሽን ስትመጣልኝ መጀመሪያ የምትለውን ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። ደንበኛ ይሰለቻል፤ «ምን ትጽፋለህ፣ ሥራው እንጂ!» ይለኛል። ይበል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የማውቀው ግን አፍስሰው የማይለቅሙትን ነው። ስንት ሰው ፎቶ፣ ስንት ሰው ደብዳቤ በዚች ጣቴ እንደሄደ አላውቅም። ስላልመዘገብኩት ቁጥሩ እንኳ የለኝም።

ከማሽንም ውጪ ነገሩ ተከተለኝ። ከወንድሜ ጋር በውርስ ተኳርፈን አራት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። ለኔ ያ ነገር ያበቃለት፣ የሞተ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ወንድሜ ያለኝን ቃል በቃል ጻፍኩት፤ እኔ የሰማሁትን ሳይሆን እሱ ያለውን። ሳነበው ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ ደወልኩለት። እናንተም የማይከፈት በር ቢገጥማችሁ፣ የማይነሣ ነገር፣ የማይመለስ ሰው፣ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት ምን እያለ እንደሆነ አንብቡት። አንዳንዱ ያለው እውነት ነው፤ ቆጠራው ብቻ ነው ከናንተ የተለየው።

ግድቡ ተሠራ። ሁለት በጋ ፈጀ፤ ሰዉ ድንጋይ ተሸክሟል፣ እኔም አንድ ቅዳሜ ተሸክሜአለሁ፣ ወገቤ ዛሬም ያውቀዋል። ባለፈው የካቲት መምህር ደውለው «ና እስቲ እይ» አሉኝ። የካቲት ማለት ምንጩ ከነጠፈ አንድ ወር አልፎት ነው። ወረድኩ። ገደሉ ሥር ሰማይ የሚያሳይ ሰፊ ውሃ ተኝቷል፤ ዳር ዳሩ ላይ ሽንኩርትና ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። መምህር ከግድቡ ጫፍ ላይ ምልክት የተደረገበት እንጨት ተክለው የውሃውን ከፍታ በየጠዋቱ መጻፍ ጀምረዋል።

ማዕድ ሲቀርብ እማማ ስንዱ ጆግ ይዘው ሊያስታጥቡኝ መጡ። በዚያ ቤት እጅ የታጠቡበት ውሃ አይደፋም፤ ለችግኝ ይጠራቀማል። ልማዱን ስለማውቅ ሳፋውን ጎትቼ ከእጄ ሥር አስቀመጥኩ። እማማ ስንዱ ሳፋውን በእግራቸው ገፋ አደረጉትና ጆጉን እስከ ክርኔ ድረስ አንቆረቆሩት።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «ይፍሰስ።»